ፊደል በጭቃና በጭራሮ
(ለንባብ ቡድን አባላት የተደረገ ንግግር)

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በዚህ ቀበሌ የተመደብን ዘማች ተማሪዎች ነን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችሁ ነው። በተለይ ገና ወደ 1ኛ ክፍል ስላልገቡት፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ስላሉት ሕፃናት ነው።

እናንተ ዛሬ ታነባላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ማዳበሪያ ስትቀበሉ በጣት ፈንታ ፊርማ ታኖራላችሁ። ታዲያ ይህን ዕውቀት ለልጆቻችሁ እንዴት ታወርሱታላችሁ? አንዳንዶቻችሁ «ጥቁር ሰሌዳ የለን፣ ጠመኔ የለን፣ ደብተሩም ውድ ነው፤ በምን እናስተምር?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም ሩቅ አይደለም። ጭቃ አላችሁ። ጭራሮ አላችሁ። ሰፌድ፣ አመድ፣ ስንደዶ፣ ባቄላ አላችሁ። በእነዚህ ሁሉ ፊደል ይሠራል። ልጅ ድምፁን በጆሮው ለይቶ መልኩን በእጁ የሠራውን ፊደል በቶሎ አይረሳውም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ዜማ ብቻውን ንባብ አይደለም

አንድ ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ እስከ መጨረሻው ሲወርደው ደስ ይላል። ጎረቤትም «ይህ ልጅ ፊደል ቆጠረ» ይላል። ግን ቆጠረ ወይስ ዘፈነ? ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ የኮባ ቅጠል ውሰዱ። በመካከሉ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ክፈቱ። ቅጠሉን በፊደል ገበታው ላይ አድርጉና ልጁን «ይህች ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ልጅ በዚህ ጊዜ ከላይ ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ እየዘመረ ወደ ፊደሏ ሊወርድ ይሞክራል። ዜማው ሲቋረጥ ዕውቀቱም ይቋረጣል። ይህ ልጅ የሚያውቀው የፊደሏን መንገድ እንጂ የፊደሏን መልክ አይደለም።

የጥንት መምህራን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስተምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአቡጊዳ ፊደሉም ይቀያየራል፣ ድምፁም ይቀያየራል። በለመዱት ዜማ ብቻ ማለፍ አይቻልም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚማሩ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ተፈትነው ነበር። ከ100 የ2ኛ ክፍል ልጆች 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እስቲ አስቡት። እነዚህ ልጆች ከከብት ጥበቃ ቀርተው፣ እናታቸው ስንቅ ቋጥራላቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመላለሱ ናቸው። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ደግሞ በ3ኛና በ4ኛ ክፍል የሒሳቡም የሳይንሱም መጽሐፍ ይዘጋበታል። በመጨረሻ «ትምህርት አይገባኝም» ብሎ ይቀራል። ወላጁም «ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም» ይላል። ችግሩ ግን የልጁ አፈጣጠር አይደለም። መሠረቱ ሳይደለደል ግድግዳው ስለቆመ ነው።

33 ቤት፣ 7 ልጅ

በፊደል ገበታው ላይ ያለው ብዛት ሰውን ያስፈራል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሥርዓቱ ከገባን አያስፈራም። የግዕዝ ቋንቋ 26 ፊደላት አሉት። አማርኛ የራሱን ድምፆች ለመጻፍ 7 ጨመረ። እነዚህም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ናቸው። 26 ሲደመር 7፣ 33 ይሆናል። እያንዳንዱ ደግሞ 7 መልክ አለው። 33 ጊዜ 7፣ 231 ነው።

231 ፊደል ነጠላ ነጠላውን ይጠና ቢባል ከባድ ነው። እኛ ግን እንደ መንደር እንየው። 33 ቤት አለ። በየቤቱ 7 ልጆች አሉ። የአንድ ቤት ልጆች መልካቸው ይመሳሰላል። የሚለዩት በትንሽ ምልክት ነው። አንዱ ክንድ አለው፣ አንዱ እግሩ አጭር ነው፣ አንዱ ቀለበት አድርጓል። በሳምንት አንድ ቤት ቢጠና በ33 ሳምንት ሁሉም ያልቃል። ዓመት እንኳ አይሞላም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

እነዚህ ትንንሽ ምልክቶች የቆየ ታሪክ አላቸው። በጥንት ጊዜ በአክሱም ሲጻፍ «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» የሚለይበት ምልክት አልነበረም። አንባቢው ከቃሉ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር የሚለየው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ ምልክቶቹ በድንጋይ ጽሑፎች ላይ መታየት ጀመሩ። ስለዚህ ልጃችሁ በ«በ» ጎን አንዲት ጭራሮ ሲጨምር ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ ብልሃት እየሠራ ነው።

አስቀድሞ ጆሮ

ጭቃ ከመቦካቱ በፊት ጆሮ መሠልጠን አለበት። ልጅ ቃልን እንደ አንድ ነገር ነው የሚሰማው። «ባቄላ» ሲባል የሚታየው የሚበላው ባቄላ ነው። ቃሉ ከሦስት ድምፆች መሠራቱን ገና አላስተዋለም። ይህን ለማስተዋል ጠጠር ይበቃል። «ባ» ስትሉ አንድ ጠጠር፣ «ቄ» ስትሉ ሌላ፣ «ላ» ስትሉ ሦስተኛ አስቀምጡ። ከዚያ ልጁ ራሱ ያስቀምጥ። «ቡና» ስንት ጠጠር ነው? ሁለት። «በሬ»ስ? ሁለት። የራሱን ስም፣ የእኅቱን ስም፣ የላሚቱን ስም በጠጠር ይቁጠር።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ድምፅ መለየት ነው። ለዚህ እንቆቅልሽን የመሰለ ነገር የለም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ እንዲህ በሉ፡-

- እንቆቅልሽ!
- ምን አውቅልህ!
- ፀጉሬ ይቆረጣል፣ ቆዳዬ ይነጠፋል፤ ስሜ በ«በ» ይጀምራል።
- በግ!
- እንቆቅልሽ!
- ምን አውቅልህ!
- ሦስት ጊዜ እቀዳለሁ፣ ጎረቤት እሰበስባለሁ፤ ስሜ በ«ቡ» ይጀምራል።
- ቡና!

ልጆች ይህን ጨዋታ አይጠግቡትም። ከጥቂት ቀን በኋላ ራሳቸው እየፈጠሩ ይጠይቋችኋል። ያን ጊዜ ጆሮአቸው ተከፈተ ማለት ነው። ፊደል ለእንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም። የሚያውቀው ድምፅ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ያየዋል እንጂ።

የ«በ» ቤተሰብ በጭራሮ

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው ከ«ሀ» መጀመር ይወዳል። በገበታው ላይ መጀመሪያ ያለው እርሱ ነውና። ነገር ግን በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ» በድምፅ አይለያዩም። ሕፃኑ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሁለቱ ለምን አንድ ሆኑ?» ብሎ ይደናገራል። ስለዚህ ለእጅ ሥራ ከ«በ» መጀመር ይሻላል። «በ» ሥርዓቱን የሚያከብር፣ ለመሥራትም ቀላል ፊደል ነው።

ጣት የሚያህሉ ቀጥ ያሉ ጭራሮዎች ሰብስቡ። መሬቱን ጠርጋችሁ እንዲህ ደርድሩ፡-

1. በ፡- ሁለት እኩል ጭራሮዎች ጎን ለጎን አድርጉ። ከላይ አንዲት አጭር ጭራሮ አጋድሙባቸው። የበር መቃን መሰለ። ይህ «በ» ነው። በግ በሉ።
2. ቡ፡- በቀኙ እግር ወገብ ላይ ትንሽ ክንድ ጨምሩ። ቡና።
3. ቢ፡- ያችኑ ክንድ ከወገብ አውርዳችሁ ከቀኙ እግር ሥር አድርጉ። ቢላዋ።
4. ባ፡- ክንዷን አንሡ። የግራውን እግር ቆርጣችሁ አሳጥሩ። ባቄላ።
5. ቤ፡- ሁለቱን እግሮች እኩል አድርጉ። ከቀኙ እግር ሥር ከስንደዶ የተሠራ ትንሽ ቀለበት አድርጉ። ቤት።
6. ብ፡- ቀለበቱን አንሡ። አሁን ክንዱን በግራው እግር በኩል አድርጉ። ብርድ።
7. ቦ፡- ክንዱን አንሡ። የቀኙን እግር አሳጥሩ። ቦይ።

አያችሁ? ሰባቱም ቃላት ከቤታችሁና ከማሳችሁ የወጡ ናቸው። ልጁ ቃሉን ያውቀዋል፣ ድምፁን ይለየዋል፣ መልኩን በእጁ ሠራው። ሦስቱ ሲገናኙ ፊደሉ ልብ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህ ሥርዓት ሰ፣ ከ እና ዘን በመሰሉ ፊደላትም ላይ በአብዛኛው ይሠራል። ካዕቡ በወገብ ክንድ፣ ሣልሱ ከእግር ሥር ክንድ፣ ኃምሱ ቀለበት ነው። ሳድሱ ግን በየቤቱ መልኩን ይለውጣልና ለብቻው ይጠና። አንድ እግር ብቻ ያላቸው ፊደላት ደግሞ የሚያሳጥሩት ሁለተኛ እግር የላቸውም። ስለዚህ «ታ» እና «ቃ» እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ፤ «ቶ» ራሱ ላይ ቀለበት ያደርጋል። «ረ» እና «ፈ» ከሥርዓቱ የሚያፈነግጡ ናቸው። እነርሱን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። ልጁ ሕጉን ሳያውቅ ከሕግ የወጣውን አታሳዩት።

ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ ደግሞ ለእጅ ሥራ የተመቹ ናቸው። ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደን ሠርታችሁ ከላይ ቆብ ትደፉላቸዋላችሁ። «ሰ» ቆብ ሲደፋ «ሸ» ይሆናል። ልጁ ቆቡን እያነሣ እየመለሰ «ሰ፣ ሸ፣ ሰ፣ ሸ» ይበል። «ጨ» ብቻ ቆብ አይደፋም፤ ከ«ጠ» የሚለየው በእግሩ በኩል ነው።

የጭቃ ፊደል አሠራር

ጭራሮ ተደርድሮ ይነሣል። የጭቃ ፊደል ግን ይቀመጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ለምጣድ የሚሆን ዓይነት የሚያጣብቅ አፈር ፈልጉ። ጠጠሩን ልቀሙ። በውኃ አቡክታችሁ ደቆ የተነፋ ጭድ ጨምሩበት። ጭዱ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ጭቃውን እንደ ገመድ አሙልሙላችሁ በቅጠል ላይ ፊደሉን ቅረጹ። ከላይ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ጠፍጠፍ አድርጉት። መጀመሪያ በጥላ ይድረቅ። ወዲያው ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ወደ ፀሐይ አውጡት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የጭቃ ፊደል ሲገለበጥ ሌላ ፊደል ይመስላል። «ባ» ከጀርባው ሲታይ «ቦ» ነው። «ቡ»ም ሲገለበጥ «ብ»ን ይመስላል። ትንንሽ ልጆች እነዚህን የሚያደናግሩት ለዚህ ነው። እንግዲህ የፊደሉን ጀርባ በጥላሸት አጥቁሩት። «ጥቁሩ ወደ መሬት፣ ንጹሑ ወደ ዓይን» የሚል ደንብ አውጡ። ልጁ ፊደል ፊትና ጀርባ፣ ግራና ቀኝ እንዳለው በዚህ ይማራል።

በየመንደሩ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ። የትኛው አፈር እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በቀድሞ ጊዜ «ባለ እጅ» እየተባሉ ይናቁ ነበር። ዛሬ ሄዳችሁ «እትዬ፣ ለልጆቻችን ፊደል የሚሆን አፈር ያሳዩን» በሏቸው። ዕውቀታቸው ለልጆች ሁሉ ይደርሳል። የነበረውም ንቀት በዚያው ይሸሻል።

ሰፌድ፣ አመድና ስንደዶ

ደብተር የሌለው ልጅ ሰፌድ ላይ መጻፍ ይችላል። የቀዘቀዘ አመድ ንፉና በአሮጌ ሰፌድ ላይ በትኑት። ልጁ በጣቱ ይጽፋል። ሲሳሳት ሰፌዱን ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ስሕተቱ ይጠፋል። ወረቀት ላይ የተሳሳተ ልጅ ስሕተቱ ሲታይበት ይውላል። አመድ ላይ ግን መቶ ጊዜ ቢሳሳት መቶ ጊዜ ይጀምራል። መጻፍ የሚፈራ ልጅ ካለ ከዚህ ጀምሩት።

እናቶች ስፌት ስትሰፉ ልጆቹን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ከተረፈ ስንደዶና አክርማ ቀለበትና ክንድ ይሥሩ። ለሙዳይ ወይም ለሰፌድ ሐረግ ስታወጡ የልጃችሁን ስም የመጀመሪያ ፊደል በቀለም አክርማ አግቡበት። ልጅቱ «ይህች የእኔ ናት» ብላ በየቀኑ ታያታለች።

ባቄላና በቆሎም ያገለግላሉ። በመሬት ላይ ትልቅ ፊደል ጻፉ። ልጁ በመሥመሩ ላይ ፍሬ በፍሬ ይደርድር። ሲጨርስ ፍሬው ታጥቦ ወደ ድስት ይመለሳል። ምንም አይባክንም።

ከፊደል ወደ ቃል

ሦስት ወይም አራት ቤት ከተጠና በኋላ ፊደላቱን ማገናኘት ያስፈልጋል። ለቃል ያልደረሰ ፊደል ለማሳ እንዳልደረሰ ዘር ነው። የጭቃውን «በ» እና «ሬ» ጎን ለጎን አድርጉ፤ በሬ። «በ»ን አንሥታችሁ «ጌ» አምጡ። አሁንም በሬ ይላል? አይልም። ለምን? ልጁ ይመልስ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልጆችን ያስቸግራሉ። አንደኛው ሳድስ ነው። ልጁ «ቤ» እና «ት»ን ለየብቻ ካነበበ በኋላ «ቤ-ትእ» ሊል ይችላል። «ት» እዚህ ላይ የ«ቤ»ን መጨረሻ የምትዘጋ መዝጊያ ናት በሉት። ቶሎ አስከትሎ ይበለው፤ ቤት።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። በጽሑፋችን የሚጠብቅ ፊደል ምልክት የለውም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ሲላላ «አልደረሰም»፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ልጁ ቢሳሳት አትቆጡት። ፊደሉን በትክክል አንብቧል። የጎደለው ሐሳቡን መከተል ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ሲሰማ ራሱ ያርመዋል።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ በድምፅ አንድ ናቸው። ለሕፃን በመጀመሪያ ከየወገኑ አንድ አንዱን ብቻ አስተምሩ። ሌሎቹን «የስም ሞክሼ» ብላችሁ በኋላ አስተዋውቁት።

ልጁ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ከሆነም መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ድምፁን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይለይ። ቃላቱም ከዚያው ይውጡ። ጽሑፉ በግዕዝ ፊደልም ይሁን በላቲን ፊደል፣ ጠጠሩና ጭቃው እኩል ያገለግላሉ።

«ትምህርት ነው ወይስ ጨዋታ?»

አንዳንድ አባቶች «ልጄን ጭቃ እንዲያቦካ ነው የማስተምረው? ትምህርት በልምጭ ነው» ይላሉ። ይህን ሐሳብ አንንቀውም። እነርሱም በዚያው መንገድ ያለፉ ናቸው። ግን አብረን እንመርምረው።

ጭቃ ለጽሕፈት አዲስ አይደለም። ከ5,000 ዓመት በፊት፣ ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር፣ የሱመር ሰዎች ይጽፉ የነበረው በእርጥብ ጭቃ ላይ በቀሰም እየጫኑ ነው። የእህላቸውንና የከብታቸውን ሒሳብ የያዙት በጭቃ ነው። በአገራችንም በቁርዓን ትምህርት ቤቶች ልጆች በእንጨት ሉሕ ላይ ይጽፉና አጥበው እንደገና ይጽፋሉ። የቤተ ክህነት ተማሪም ቀለሙን ከጥላሸት ያዘጋጅ ነበር። ትምህርትና የእጅ ሥራ ተለያይተው አያውቁም።

ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ኢጣሊያዊት ሐኪም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንሶ በተባለ የድኾች ሠፈር፣ የሕፃናት ቤት ከፈተች። የሠራተኛ ልጆች ነበሩ የገቡት። እርሷም ከሻካራ ወረቀት ፊደላት ቆርጣ ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉ ድምፁን እንዲሉ አደረገች። ዓይን፣ ጆሮና ጣት በአንድ ጊዜ ሠሩ። ዘዴዋ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። የእኛ አመድና ጭቃ ከዚያ ሻካራ ወረቀት በምን ያንሳል?

ስለ ልምጩም እንነጋገር። የሚፈራ ልጅ የሚያስበው ስለ ልምጩ ነው እንጂ ስለ ፊደሉ አይደለም። አያቶቻችን «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ብለዋል። እኛ ደግሞ «ከልጅ ጋር በእንጨት ተጫወቱ፣ ፊደል ይሆናል» እንላለን።

መቼ ይሠራ?

«ጊዜው ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ረጅም ጊዜ አያስፈልግም። ትንሽ ልጅ ከሩብ ሰዓት በላይ ልቡን ሰብስቦ መቀመጥ ያዳግተዋል። ቡና ሲፈላ በቂ ነው። በአቦል ጊዜ የጆሮ ጨዋታ፤ ጠጠርና እንቆቅልሽ። በቶና ጊዜ የእጅ ሥራ፤ አንድ ፊደል በጭራሮ ወይም በጭቃ። በበረካ ጊዜ ንባብ፤ ሁለት ሦስት ቃል። ቡናው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። ልጁ «ይጨመር» እያለ ቢቆም ነገ ራሱ ይጠራችኋል።

እረኛ ልጆችም አይቀሩ። ከብቱ ሳር ሲግጥ ጭራሮና አሸዋ በሜዳው ሞልቷል። ጠዋት አንዲት የጭቃ ፊደል በኪሱ ስጡት። «ማታ ስትመለስ በዚህ ፊደል የሚጀምሩ ሦስት ነገሮች ንገረኝ» በሉት። ሴት ልጅም ውኃ ስትቀዳ እንዲሁ። ወንዱ ሲማር እርሷ ጓዳ የምትቀር ከሆነ የሠራነው ግማሽ ሥራ ነው።

ጥንቃቄ

1. ከ3 ዓመት በታች ባለ ሕፃን አጠገብ ባቄላ፣ ጠጠርና ሽንብራ አትተዉ። ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ይከታል፣ ሊያንቀውም ይችላል።
2. ጭራሮውን በቢላዋ የሚቆርጥ ትልቅ ሰው ይሁን። ጫፉም አይሹል።
3. አመዱ ፍም አለመያዙን በእጃችሁ አረጋግጡ።
4. ለማጥቆሪያ የአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ዱቄት አትጠቀሙ። መርዝነት አለው። ከሰልና ጥላሸት ይበቃል።
5. ከሥራው በኋላ እጅ ይታጠብ።

ለእናንተስ ምን ይጠቅማል?

እስካሁን ስለ ልጆቹ ተናገርን። አሁን ስለ እናንተ እንናገር። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ወደ ገጠር ሄደው አስተምረዋል። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ተሰማርተው ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ማስተማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቶ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊደል ለየ። ነገር ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር አጥተው መልሰው ረሱት። ዕውቀት እንደ ማረሻ ነው። ካልታረሰበት ይዝጋል።

ልጁን የሚያስተምር ሰው ግን አይረሳም። «ቢ»ን ለልጃችሁ ስትሠሩ ክንዱ የት እንደሚውል እናንተም ታስታውሳላችሁ። ልጁ «አባባ፣ ይህች ማን ናት?» ሲላችሁ ዕውቀታችሁ ይታደሳል። እናት ልጇን፣ ታላቅ ታናሹን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ቢያስተምር ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ይፈጸማል።

እኛ ጊዜያችን ሲያልቅ እንሄዳለን። ጭቃውና ጭራሮው ግን አይሄድም። እናንተም አላችሁ። ልጃችሁ 1ኛ ክፍል በሚገባበት ቀን ፊደል እንደ እንግዳ አይቶ እንዳይሸሽ፣ እንደ ቤተ ዘመድ አውቆ እንዲስም ማድረግ በእጃችሁ ነው። ከነገ ቡና ጀምሩ። በ«በ» ጀምሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፊደልን በዜማ ብቻ ማጥናት ጉድለቱ ምንድን ነው? በኮባ ቅጠል እንዴት ይፈተናል?
2. 33 ጊዜ 7 ስንት ነው? በሳምንት አንድ ቤት ቢጠና ስንት ሳምንት ይወስዳል?
3. «ባ» እና «ቦ» በምን ይለያሉ? የጭቃው ፊደል ጀርባ ለምን ይጠቁራል?
4. በ«ከ» ቤተሰብ ሰባት ቃላት ከቤታችሁና ከማሳችሁ ፈልጉ። በጭራሮ ሠርታችሁ ለቡድናችሁ አሳዩ።
5. «ትምህርት በልምጭ ነው» የሚለውን አባባል ትስማሙበታላችሁ? ምክንያታችሁን ተናገሩ።